ትሪሙ እምቢ ሲል፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ጥፋቱን ፈልጎ ማግኘት

አውትቦርድ ሞተርን በኤሌክትሪክ የሚያነሣውና የሚያወርደው ትሪም አላነሣም ወይም አላወርድም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ከታች ያለውን የትሪም ሞተር ነው። በዋጋ ከባዱ እሱ ስለሆነ ግን መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ውሃ የሚገባበት ስዊች አለ፤ የማርሽና የነዳጅ መስጫው እጀታ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚታጠፍ ሽቦ አለ፤ በንዝረት የሚላላ የባትሪ ዳዶ አለ፤ ውስጥ ውስጡን የሚቃጠል የሪሌ ኮንታክት አለ። ቴስተር የያዘና ያልቸኮለ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳቸዋል።

ለምሳሌ የምወስደው ባለሁለት ሽቦ የትሪም ሞተርና ሁለት ሪሌ ያለውን የያማሃን አሠራር ነው፤ በሐይቆቻችን ላይ የማይታጣ ስም ነውና። ሌሎቹም አምራቾች ከሽቦ ቀለም በቀር በመሠረቱ ተመሳሳይ መንገድ ነው የሚከተሉት። በእጅ የሚነሡት ትንንሽ ሞተሮች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም።

ትሪም የቅንጦት ዕቃ ነው የሚል ካለ ጣና ላይ ወደ ዳር ተጠግቶ ይሞክረው። ሐይቁ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ጭቃና ሣር ነው። ከዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ የታወቀው የእምቦጭ አረም ተጨምሯል። ሞተሩን በጊዜ ከፍ ያላደረገ ሰው ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ሥር ሲፈታ ይውላል። ጫሞ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ የአዞ ገበያ በሚባለው ዳር ወርዶ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሞተር በእጅ ማንሣት የማይታሰብ ነው።

ሁለቱ የኤሌክትሪክ መንገዶች

ይህን ክፍል አይዝለሉት፤ የቀረው ምርመራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስዊቹን ሲጫኑ ሞተሩን የሚያነሣው ኃይል በስዊቹ ውስጥ አያልፍም። የትሪም ሞተር የሚስበው በአስር የሚቆጠር አምፔር ነው፤ ያን ያህል በአውራ ጣት በሚጫን ትንሽ ስዊች ቢያልፍ ወዲያው ያቃጥለዋል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ተደርጓል። ቀጭኑ መንገድ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ በኩል በቀይ ሽቦ ወደ ስዊቹ ይመጣል። ወደ ላይ ሲጫኑ በውሃ ሰማያዊ ሽቦ፣ ወደ ታች ሲጫኑ በፈዛዛ አረንጓዴ ሽቦ ይወጣና የሪሌውን ኮይል ይነካል፤ ከዚያ በጥቁር ሽቦ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ፣ ይመለሳል። ወፍራሙ መንገድ ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሪሌዎቹ ይመጣል። ኮይሉ ኮንታክቱን ሲስበው ኃይሉ በወፍራሙ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሽቦ ወደ ትሪም ሞተሩ ይወርዳል። በሜርኩሪ ሞተሮች የስዊቹ ሽቦዎች ሰማያዊ በነጭ መስመር ለላይ፣ አረንጓዴ በነጭ መስመር ለታች ናቸው። ቀድሞ የተከፈተና የተጠገነ ሞተር ከሆነ ግን ቀለምን ብቻ አይመኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር ይመጣል። ስዊቹን ማንም ሳይጫን ሁለቱም የትሪም ሞተር ሽቦዎች በሪሌዎቹ በኩል ማሳ ላይ ያርፋሉ። ወደ ላይ ሲጫኑ የላዩ ሪሌ ሰማያዊውን ሽቦ ከማሳ አላቅቆ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ያገናኘዋል። አረንጓዴው ግን እንደነበረው ማሳው ላይ ይቀራል፤ ኃይሉ ዞሮ የሚመለሰውም በእሱ በኩል ነው። እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሣ የላዩ ሪሌ መሳብ አለበት፤ የታቹ ሪሌ ደግሞ አርፎ መቀመጥና ማሳውን በደንብ መንካት አለበት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደህና መሆን አለባቸው። የታቹ ሪሌ የማረፊያ ኮንታክቱ ከተቃጠለ ሞተሩ መነሣት ያቅተዋል እንጂ መውረድ አያቅተውም። ብዙ ደህና ሪሌ የሚጣለው፣ ብዙ ብልሹ ሪሌም በቦታው የሚቀረው ይህን ካለማወቅ ነው።

ከመንካትዎ በፊት

ባለ60 የፈረስ ጉልበት ባለአራት ምት ሞተር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ተነሥቶ ከሆነ የሚመረምሩት የመደገፊያውን ብረት ሳያስገቡ ከሥሩ እጅዎን አይስደዱ፤ ሃይድሮሊኩ ይዞታል ብለው አይተማመኑ። መደገፊያውን አስገብተው ሳለም ወደ ታች አይጫኑ። የድንገተኛ ማጥፊያውን ገመድ ይንቀሉ፤ ሞተሩ ሳይታሰብ ስታርት እንዳያደርግብዎ። የቤንዚን ሽታ ካለ ክዳኑን ከፍተው፣ ታንከሩ ያለበትንም ቦታ አናፍሰው ይጠብቁ፤ በምርመራው ብልጭታ መኖሩ አይቀርም። ሽቦ ለመንቀል ሲሆን የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድመው ይፍቱ፤ ለመለካት ሲሆን መልሰው ያስሩታል።

የሚያስፈልግዎ ዕቃ ብዙ አይደለም። ቴስተር፣ ባለ12 ቮልት የመፈተሻ አምፖል፣ ጫፍና ጫፉ መቆንጠጫ ያለው ሽቦ፣ መለዋወጫ ፊውዞች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃሉ። አምፖሉን አይናቁት። አሥር ክር ካለው ሽቦ ዘጠኙ ቢበጠስ ቴስተሩ በቀረችው አንድ ክር በኩል 12 ቮልት ያሳያል፤ ምንም ኃይል ስለማይስብ አይታወቀውም። አምፖል ግን ኃይል ስለሚስብ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ አይበራም። ቴስተር ሰላም ነው ብሎ አምፖል ከደበዘዘ አምፖሉን ይመኑ።

መጀመሪያ ያድምጡ

የሞተሩን ክዳን ያንሡና አንድ ሰው ስዊቹን እንዲጫን ያድርጉ፤ እርስዎ ጆሮዎን ወደ ሪሌዎቹ ያቅርቡ። ሁለቱንም አቅጣጫ ይሞክሩ፣ ደጋግመው። ቴስተሩ ገና ከሳጥኑ አልወጣም፤ ግማሹ ሥራ ግን እዚህ ያልቃል።

ፍጹም ዝምታ ከሆነ ችግሩ በቀጭኑ መንገድ ላይ ነው፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ስዊች፣ የስዊቹ ሽቦ ወይም የሪሌው ማሳ። ሪሌው ቀጭ ካለና ሞተሩ ካልተነቃነቀ ስዊቹ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ እሱን ይተዉትና ወደ ወፍራሙ መንገድ ይሂዱ። የቀጭታ ድምፅ እየሰሙ ስዊች መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። በተከታታይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ገመድ ነው፤ ሪሌው ሲስብ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ሪሌው ይለቃል፣ ሲለቅ እንደገና ይስባል።

የትሪም ሞተሩ ድምፅ እየተሰማ፣ እየዞረም፣ አውትቦርዱ ካልተነሣ የኤሌክትሪክ ችግር አይደለም። የእጅ መልቀቂያው ቫልቭ ላልቶ እንደሆነ ይዩ፤ በሞተሩ መያዣ ብረት ጎን ባለች ቀዳዳ ውስጥ የሚታይ፣ በካቻቢቴ የሚዞር ብሎን ነው። ከዚያ የሃይድሮሊክ ዘይቱን ይዩ። በያማሃ ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ መደገፊያው ገብቶ ሳለ ነው። ከዚያ ያለፈው ሌላ ሥራ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የትሪም መለኪያ አልንቀሳቀስ ቢል ሞተሩ ግን ቢነሣና ቢወርድ፣ እሱም የስዊች ጉዳይ አይደለም። መለኪያው የራሱ ሴንሰርና የራሱ ሽቦ አለው።

ባትሪና ፊውዝ

ሙሉ ቻርጅ የተደረገና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ምርመራውን አቁመው መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉ። በደከመ ባትሪ የሚለካ ነገር ሁሉ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል። ያረፈ ባትሪን ብቻ ለክቶ ማለፍ ግን አይበቃም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ራሶች ላይ እንደያዙ ሌላ ሰው ወደ ላይ ይጫን። ቮልቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከ10 በታች ከወደቀ ባትሪው ጭነት አይችልም። ባትሪው ላይ ሳይወድቅ ሪሌው ጋ ባለው ወፍራም ቀይ ሽቦ ላይ ከወደቀ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ገመድ ወይም ማሠሪያ እየበላው ነው።

ሞተሩ ስታርት አድርጎ ሲሠራ ትሪሙ ደህና የሚሆን፣ ሲጠፋ ግን የሚደክም ከሆነ ተጠርጣሪው ይኸው ባትሪ ነው፤ በሚሠራበት ጊዜ የሚደግፈው የሞተሩ ቻርጅ ነው። በጀልባ ባትሪዎች ላይ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚጠበቅ ባለክንፍ ዳዶ አለ። ለመፍታት ይመቻል፤ ለጀልባ ንዝረት ግን አይመችም፣ በራሱ ይላላል። በቁልፍ በሚጠበቅ ተራ ዳዶ ቢቀይሩት እመርጣለሁ። የባትሪ መለያያ ስዊች ካለም መከፈቱን ያረጋግጡ። በብዙ ሞተሮች ትሪም የሞተር ቁልፍ ሳይከፈት ይሠራል፤ ስለዚህ ቁልፉን ከፍቶ ዘግቶ መሞከር ብዙ ነገር አይነግርም።

ፊውዙን አውጥቶ በዓይን ማየት የተለመደ ነው፤ ደህና የሚመስል ፊውዝ ግን ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ የተቀመጠበት ሶኬትም ዝጎ ሊሆን ይችላል። በቦታው እንዳለ የመፈተሻውን አምፖል በአንደኛው ጎኑ፣ ቀጥሎ በሌላው ጎኑ ይንኩ። በሁለቱም እኩል መብራት አለበት። የተቃጠለ ከሆነ የሚተካው በዚያው መጠን ብቻ ነው፤ የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ፊውዙን ከማዳን ይልቅ ሽቦውን ማቃጠል ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሚነግርዎ ነገር አለ። ወደ ላይ ሲጫኑ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ውሃ ሰማያዊው ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል። ማንም ሳይጫን የሚቃጠል ከሆነ ቀዩ ሽቦ ስዊቹ ጋ ሳይደርስ ሾርት አድርጓል።

ሁለት ስዊች ካለዎት ዕድለኛ ነዎት

በርከት ያለ ጉልበት ባላቸው ሞተሮች ላይ አንድ ስዊች በማርሽና በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ፣ ሌላው ደግሞ በራሱ በሞተሩ ሥር ክዳን ጎን ላይ አለ። ይህ ሁለተኛው የተቀመጠው ውጪ ቆሞ ሞተሩን ለማንሣት ነው፤ ለምርመራ የሚሰጠው ጥቅም ግን ይበልጣል። የክዳኑ ስዊች ሞተሩን አንሥቶ የእጀታው ካላነሣ፣ ባትሪው፣ ሪሌዎቹ፣ የትሪም ሞተሩ ሁሉ ስዊቹን አንድ ጊዜ በመጫን ነፃ ወጡ። የቀረው የእጀታው ስዊችና ከእሱ እስከ ሞተሩ ያለው ሽቦ ብቻ ነው። ሁለቱም ካልሠሩ ሁለቱም ስዊች በአንድ ቀን ተበላሹ ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ የጋራቸው ወደሆነው ፊውዝ፣ ቀይ ሽቦና ሪሌ ይሂዱ።

ሁለተኛ ስዊች ከሌለዎት ራስዎ ይሥሩ። በሞተሩ ክዳን ሥር ከእጀታው የሚመጣው የሽቦ ጥቅል የሚሰካበትን ሶኬት ይፈልጉና ይንቀሉት። በሞተሩ በኩል ባለው ግማሽ ላይ ቀዩን፣ ውሃ ሰማያዊውንና ፈዛዛ አረንጓዴውን ይለዩ። ባለመቆንጠጫው ሽቦዎ መሐል ባለ5 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ሰው ከሞተሩ ይራቅ፣ መደገፊያው ይውጣ። አሁን ከቀዩ ወደ ውሃ ሰማያዊው ለአንድ አፍታ ያገናኙ፤ መነሣት አለበት። ከቀዩ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴው ሲያገናኙ መውረድ አለበት። በሁለቱም ከታዘዘዎት ጥፋቱ ከዚህ ሶኬት ወደ ጀልባው ውስጥ ባለው ክፍል ነው። ካልታዘዘዎት ከሶኬቱ ወደ ሞተሩ ባለው ነው። አንድ ሶኬት ነቅለው ፍለጋውን በግማሽ ቀነሱት።

ነገር ግን የነቀሉትን ሶኬት መልሰው ከመሰካትዎ በፊት ውስጡን በብርሃን ይዩት። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ፣ ወይም አንደኛው ፒን ወደ ኋላ ሸሽቶ ከሆነ፣ ምናልባት ምርመራው እዚሁ አልቋል። አንዳንዴ ነቅሎ መሰካቱ ብቻ ትሪሙን ያስነሣዋል። ያን ጊዜ ደስ ብሎዎት ክዳኑን አይዝጉ፤ የዛገው ፒን ለጊዜው ተፋቀ እንጂ አልጸዳም።

ስዊቹን መፈተሽ

ባትሪውን ፈትተው እጀታውን ይክፈቱ። ትንንሽ ብሎኖችና ስፕሪንግ ስላሉበት ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ። ስዊቹ ሦስት ሽቦ አለው። ቴስተሩን ወደ ኦም ወይም ወደ ድምፅ መስጫው ያዙሩና አንዱን ጫፍ ቀዩ ላይ፣ ሌላውን ውሃ ሰማያዊው ላይ ያድርጉ። ሳይጫኑት ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም፤ ወደ ላይ ሲጫኑ ወደ ዜሮ ኦም መውረድ አለበት፤ ሲለቁት ወዲያው መቋረጥ አለበት። በፈዛዛ አረንጓዴውም እንዲሁ ይድገሙ። በመጨረሻም በውሃ ሰማያዊውና በፈዛዛ አረንጓዴው መካከል ይለኩ፤ በየትኛውም ሁኔታ ግንኙነት ሊኖራቸው አይገባም። ስዊቹን እንደተጫኑ ጣትዎን ወደ ጎን ያወዛውዙት። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ኮንታክቱ አልቋል፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ያቆማል።

ስዊቹ ደህና ከሆነ ዓይንዎን ወደ ሽቦው ያዙሩ። ለእኔ ከስዊቹም ይልቅ ዋናው ተጠርጣሪ እዚህ ያለ ነው። እጀታው ወደፊትና ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ከስዊቹ የሚወጣው ሽቦ እጀታው በሚዞርበት ቦታ ላይ አብሮ ይታጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ መዳቡ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል፤ ላዩ ያለው ፕላስቲክ ግን ደህና ይመስላል። ምልክቱም የታወቀ ነው፤ ትሪሙ ማርሹ በአንድ ቦታ ሲሆን ይሠራል፣ እጀታው ወደፊት ሲገፋ ያቆማል። እንዲህ ያለውን ለማግኘት ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ። መዳቡ የተበጠሰበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ቴስተሩንም በሽቦው ሁለት ጫፍ አድርገው እጀታውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ያንቀሳቅሱ።

ውሃ የገባበት ስዊች ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ላይ አይሠራም፣ ፀሐይ ሲመታው ይሻለዋል፤ ወይም ዝናብ በጣለ ማግሥት ያስቸግራል። የላይኛው የጎማ ሽፋን መሰንጠቁን ይዩ። የኮንታክት ማጽጃ ነፍተው ደጋግመው መጫን ለጥቂት ሳምንት ያስታግሰዋል፤ ሽፋኑ የተቀደደ ከሆነ ግን መቀየሩ ይሻላል። የጣና፣ የሐዋሳና የጫሞ ውሃ እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነ ዝገቱ ይዘገያል። በቀይ ባሕርም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጀልባ የሚያሽከረክሩ ወገኖች ግን ስዊቹን ከፍተው መዳቡ ወደ አረንጓዴ ጨው ተለውጦ ቢያገኙት አይደነቁ።

አዲስ ስዊች ሲታጣ የመኪና መስኮት ማንሻ ስዊች ይተካልኝ ይሆን የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሁለቱም ወደ ላይና ወደ ታች ይላሉና። ከብዙዎቹ የመስኮት ስዊቾች ጋር ያለው ችግር ሳይጫኑ ሁለቱን መውጫዎች ከማሳ ጋር ማገናኘታቸው ነው። እንዲህ ያለው እጀታው ላይ ተገጥሞ ሳለ በሞተሩ ክዳን ያለውን ስዊች ቢጫኑ ፖዘቲቩ በውሃ ሰማያዊው ሽቦ ሄዶ በቀጥታ ማሳ ላይ ይወድቃል፤ ፊውዙም ይሄዳል። የግድ ከሆነ ሳይጫን ሦስቱም ሽቦዎች ተለያይተው የሚያርፉበትን፣ ሲለቁትም ወደ መሐል የሚመለሰውን ዓይነት ይፈልጉ።

ቀጭ እያለ የማይነሣ ከሆነ

አሁን ወደ ወፍራሙ መንገድ መጣን። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይሰሩ፤ በሞተሩ ብረት ላይ አይሁን፣ የማሳውንም ጤና መመርመር እንፈልጋለንና። ቀዩን ጫፍ ወደ ትሪም ሞተሩ በሚወርደው ወፍራም ሰማያዊ ሽቦ ላይ አድርገው ወደ ላይ ያስጫኑ። ከባትሪው ብዙም የማያንስ ቮልት ካልመጣ የላዩ ሪሌ ስቧል እንጂ ኮንታክቱ ኃይል አያሳልፍም፤ ወይም ወደ ሪሌው የሚገባው ወፍራም ቀይ ሽቦ ላይ ኃይል የለም።

12 ቮልት ከመጣ አይቸኩሉ። ወደ ላይ እንደተጫነ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ወደ አረንጓዴው ሽቦ ያሻግሩ። እዚህ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር መታየት አለበት፤ ማሳ ላይ አርፏልና። እዚህም 12 ቮልት ካዩ ኃይሉ በትሪም ሞተሩ ውስጥ አልፎ መጥቷል፤ የሚመለስበት በር ግን ተዘግቶበታል። የተዘጋው በር የታቹ ሪሌ የማረፊያ ኮንታክት ወይም የሪሌዎቹ ጥቁር የማሳ ሽቦ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩ ይወርድ እንደሆነ ይሞክሩ። መውረዱ ደህና ከሆነ ማሳው ደህና ነው፣ የታቹን ሪሌ ይቀይሩ። ሁለቱም አቅጣጫ እምቢ ካለ የማሳውን ብሎን ፈትተው ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና መልሰው አጥብቀው ይሰሩት።

በሰማያዊው 12፣ በአረንጓዴው ዜሮ እያሳየ ሞተሩ ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው ጥፋቱ የትሪም ሞተሩ ነው የሚባለው። ብዙውን ጊዜ ካርቦኖቹ አልቀው ወይም ውሃ ገብቶ ነው። እየተጫነ ሳለ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ሲያደርጉት ከተነሣ ካርቦን ነው፤ ለዕለቱ ያስገባዎታል፣ ለሳምንቱ አይተማመኑበት።

ሪሌዎቹ የተለያዩና አንድ ዓይነት ከሆኑ ቦታ ማለዋወጥ ፈጣን ፈተና ነው፤ ጥፋቱ አብሮ ከዞረ ሪሌው ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ከታሸጉ ግን ይህ አይቻልም፣ ልኬቱን መጠቀም ነው። በጣም የቆዩ ሞተሮች ላይ ሦስት ወፍራም ሽቦ ያለው የትሪም ሞተር ቢያጋጥምዎ ይህ የማሳ ትንታኔ አይሠራለትም፤ እሱ ማሳው በጥቁር ሽቦ ቋሚ ነው፣ ለላይና ለታች የተለያየ ጥቅል አለው።

ማንም ሳይነካው የሚነሣ ሞተር

ይህኛው ካልሠራው ይልቅ አደገኛ ነው። በጉዞ ላይ ሳሉ ሞተሩ በራሱ ተነሥቶ ፕሮፔለሩ ከውሃ ሊወጣ ይችላል። በቆመበትም ጫፍ ደርሶ መግፋቱን ካላቆመ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ሽቦውንም ያግለዋል። መጀመሪያ ባትሪውን ያላቁ፤ ለማሰብ ከዚያ በኋላ ጊዜ አለ። ቀጥሎ የእጀታውን ሶኬት፣ የክዳኑንም ስዊች ነቅለው ባትሪውን መልሰው ይንኩ። ዝም ካለ ከሁለቱ ስዊቾች አንዱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ቀዩን ከውሃ ሰማያዊው ጋር አገናኝቷል፤ አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን ይያዙት። ሁለቱም ተነቅለው እንኳ መነሣቱን ከቀጠለ የላዩ ሪሌ ኮንታክት ተቃጥሎ ተጣብቋል። በመዶሻ መትተው ቢያላቅቁትም እንደገና ይጣበቃል፤ ይቀየር።

ውሃ ላይ እያሉ ቢያቆም

ከዳር ርቀው ከሆነ ሽቦ መፍታት አይጀምሩ። የክዳኑን ስዊች ይሞክሩ፣ ፊውዙን ይቀይሩ፣ የባትሪውን ዳዶ ያጥብቁ። ካልሆነ የእጅ መልቀቂያው ቫልቭ አለ። ሞተሩን ያጥፉ፣ በመያዣው ጎን ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ያላሉት። በአብዛኛው ከሰዓት በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ የእርስዎ ሞተር ወዴትና ስንት ዙር እንደሚዞር ግን ገና ዳር ላይ ሳሉ ከመመሪያ መጽሐፉ አይተው ያረጋግጡ። ተነሥቶ የቀረ ሞተር ቫልቩ ሲላላ በክብደቱ ይወርዳል፤ በሥሩ እጅም እግርም አይኑር። ወርዶ የቀረውን ሁለት ሰው ሆናችሁ ከጀልባው ውስጥ ይዛችሁ ታነሡታላችሁ፤ መደገፊያው እስኪገባ ማንም አይልቀቅ።

ከዚያ ቫልቩን መልሰው ያጥብቁት። ላልቶ ከቀረ ወደ ኋላ ማርሽ ሲያስገቡ የፕሮፔለሩ ግፊት ራሱ ሞተሩን ከውሃ ያወጣዋል፤ ጀልባውን ለማቆም ኋላ ማርሽ በሚፈልጉበት ሰዓት።

ሲጠግኑ

የተበጠሰ ሽቦን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በመሬት ላይም ጥሩ አይደለም፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ሙቀት የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል፣ የገባውም ውሃ መውጫ ያጣል። በፒንሳ በሚጨመቅ የመዳብ ማያያዣ ያገናኙ፤ በላዩ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሱት። ማያያዣው እጀታው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንዳይውል ሽቦውን ትንሽ አርዝመው ይቁረጡ፤ አለበለዚያ በማያያዣው ጫፍ ላይ እንደገና ይበጠሳል። በቆርቆሮ የተለበጠ የጀልባ ሽቦ ከተገኘ ይመረጣል። ፒኖቹን በስፕሬይ አጽድተው፣ አድርቀው፣ ሶኬቱ ላይ ቀጭን የኤሌክትሪክ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀብተው ይዝጉ።

ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ሞተሩን ከሥር እስከ ጫፍ ደጋግመው ያንሡና ያውርዱ፤ በመሐል ትንሽ እያሳረፉ። ከዚያ ሪሌዎቹን፣ ሶኬቱንና የባትሪውን ራሶች በእጅዎ ጀርባ ይንኩ። ከሌላው ለይቶ የሚፋጅ ነገር ካለ እዚያ የላላ ወይም የዛገ ግንኙነት ቀርቷል። ሁሉም ለብ ብሎ ከቀረ ክዳኑን ገጥመው፣ ሁለት መለዋወጫ ፊውዝና አንድ ካቻቢቴ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው ጀልባው ውስጥ ያስቀምጡ።